የእርሳስ ቧንቧ ለመቀየር መዳቡ ርካሽ ነው፤ ውዱ ጉድጓዱ ነው



የዛሬው ጽሑፍ ከቡናና ከእህል ትንሽ ወጣ ይላል፤ ከዋጋ ግን አይወጣም። መዳብ በሜይ 2024 ለንደን ላይ በቶን ከ11,000 ዶላር በላይ ከተሸጠ ወዲህ አንድ ጥያቄ በውስጥ መስመር እየተመላለሰ ይመጣልኛል። «አሜሪካኖቹ የእርሳስ የውሃ ቧንቧቸውን ነቅለው በመዳብ ሊቀይሩ ነው አሉ፤ ይሄ ነገር መዳብን ገና አያስወድደውም ወይ?» ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ግን ከመዳብ ዋጋ ይልቅ ስለ ወጪ ብዙ የሚያስተምር ስለሆነ ዘርዘር አድርገን እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ምንድነው?

በመንገድ ሥር ከሚያልፈው ዋና የውሃ መስመር ተነስቶ ወደ እያንዳንዱ ቤት የሚገባ ቀጭን ቧንቧ አለ። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ይሄ ቧንቧ ድሮ የሚሠራው ከእርሳስ ነበር። እርሳስ ለስላሳ ነው፣ እንደ ልብ ይታጠፋል፣ ብዙ ዘመንም ይቆያል። ችግሩ በትንሽ በትንሹ ወደ ውሃው መግባቱ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ዋናው ተጎጂ ሕጻን ልጅ ነው፤ የሚጎዳውም አእምሮው ነው። የጤና ባለሙያዎች «ይሄን ያህል ቢገባ ልጁን አይጎዳውም» የሚሉት መጠን የለም።

አሜሪካ አዲስ የእርሳስ ቧንቧ መቅበርን የከለከለችው በ1986 ነው። ቺካጎ ጭራሽ እስከዚያው ጊዜ ድረስ በደንቧ «የቤት መስመር እርሳስ ይሁን» ብላ ታስገድድ ነበር። የቀድሞዎቹ ግን መሬት ውስጥ ቀሩ። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2024 ቁጥራቸው እስከ 9 ሚሊዮን ይደርሳል ብሎ ገምቶ ነበር። በኦክቶበር 2024 ያወጣው ደንብ አብዛኞቹ የውሃ ድርጅቶች እነዚህን ቧንቧዎች በ10 ዓመት ውስጥ ነቅለው እንዲጨርሱ ያዛል።

እስቲ እናስላው

አንድ ኢንች የሆነ ለመሬት ውስጥ የሚያገለግል የመዳብ ቧንቧ በሜትር 1.25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከመንገድ እስከ ቤት 20 ሜትር እንበል፤ 25 ኪሎ መዳብ ሆነ። መዳብን በቶን 10,000 ዶላር ብንይዘው፣ ማለትም ኪሎውን በ10 ዶላር፣ ለአንድ ቤት የሚገባው ብረት 250 ዶላር ነው።

9 ሚሊዮኑ ቤት ሁሉ በመዳብ ቢቀየር 225,000 ቶን ይሆናል። ለ10 ዓመት ሲካፈል በዓመት 22,500 ቶን። ዓለም በዓመት የሚጠቀመው የተጣራ መዳብ ደግሞ ከ25 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው። ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም ማለት ነው። በዚያ ላይ በመዳብ ፋንታ ፕላስቲክ የሚቀብሩ ከተሞች አሉ። ስለዚህ ለጠያቂዎቼ መልሱ አጭር ነው፤ በዚህ ወሬ መዳብ አይወደድም።

አሁን ሌላውን ቁጥር እዩት። ቺካጎ ውስጥ የአንድ ቤት ቧንቧ ለመቀየር የሚጠየቀው ከ20,000 እስከ 30,000 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ ብረቱ 250 ዶላር። ከመቶ አንድ! የቀረው 99 እጅ የት ገባ? የጽሑፉ ቁም ነገር ይሄ ነው።

አንደኛ፦ ጉድጓዱ

አስፋልት ይሰበራል፣ መንገድ ይዘጋል፣ የእግረኛ መንገድ ይነሳል። ከሥር የጋዝና የመብራት መስመር ስላለ ማሽኑ እንደ ልቡ አይቆፍርም። ቧንቧው ቤት ውስጥ ገብቶ ቆጣሪው ጋ ስለሚደርስ ወለል ወይም ግድግዳ የሚፈርስበት ጊዜ አለ። ከዚያ ፈቃድ፣ ተቆጣጣሪ፣ ፈቃድ ያለው የቧንቧ ሠራተኛ፤ መጨረሻ ላይ አስፋልቱን መመለስ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆፍሩ አሮጌውን ቧንቧ በገመድ እየጎተቱ አዲሱን ከኋላው የሚያስገቡበት ዘዴ አለ፤ ወጪ ይቀንሳል፣ ግን አፈሩ የሚፈቅድበት ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ የት እንዳለ አለማወቅ

ፍሊንት የምትባለዋን የሚሺጋን ከተማ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በኤፕሪል 2014 ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ውሃዋ ከዲትሮይት መስመር ወደ ፍሊንት ወንዝ ተቀየረ። ቧንቧው እንዳይበላ የሚጨመረው መድኃኒት ግን አልተጨመረም። ውሃው ቧንቧውን ከውስጥ በላው፤ እርሳሱ ወደ ብርጭቆ ገባ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የጄኔራል ሞተርስ የሞተር ፋብሪካ «ይሄ ውሃ ብረቴን አዛገብኝ» ብሎ ትቶት ወጣ። ሕዝቡ ወደ ዲትሮይት ውሃ የተመለሰው ከዚያ ዓመት ቆይቶ ነው። ከብረት በኋላ ሰው ማለት ነው።

ከዚያ ቧንቧ የመቀየር ሥራ ተጀመረ። የማን ቤት እርሳስ እንዳለው ግን ማን ይወቅ? የከተማዋ መዝገብ በእጅ የተጻፉ አሮጌ ካርዶች ነበር፤ ያም የተሳሳተና የጎደለ። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር እየገመቱ ሲያሳዩ ከተቆፈረው ቤት አብዛኛው እርሳስ ይገኝበት ነበር። በ2018 ያ አሠራር ቀርቶ ሠፈር ለሠፈር መቆፈር ሲጀመር ከ100 ጉድጓድ እርሳስ የተገኘበት ወደ 15 ወረደ። የቀረው ሁሉ አስቀድሞም መዳብ የነበረ ቤት ነው። ጉድጓዱ ባዶ ቢሆንም ቆፋሪው ይከፈለዋል። በ2019 ወደ ኮምፒውተሩ ግምት ተመለሱ። በ2020 ያልቃል የተባለው ሥራ ተጎትቶ 2025 ደረሰ።

ዩኒየኖች ይሄን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡት። የአውሮፓ የደን ሕግ የማሳ መገኛ ነጥብ ሲጠይቀን ብዙዎቻችን «የወረቀት ሥራ ነው» ብለን አጉረምርመናል። መዝገብ በሰዓቱ ሲያዝ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ያልተያዘ መዝገብ ነው በኋላ በአካፋ የሚቆፈረው።

ሦስተኛ፦ ቧንቧው የማን ነው?

ብዙ ከተሞች ውስጥ ከዋናው መስመር እስከ ግቢው ድንበር ያለው የውሃ ድርጅቱ ነው፤ ከድንበሩ ወዲያ ያለው የባለቤቱ። አንዱ ቧንቧ፣ ሁለት ባለቤት። ዋሽንግተን ዲሲን ያቃጠላት ይሄ ነው።

ዲሲ በ2000 መጨረሻ የውሃ ማከሚያ ኬሚካሏን ቀየረች። ቧንቧውን ከውስጥ ሸፍኖት የነበረው ቅርፊት ለቀቀና እርሳሱ ወደ ውሃው መግባት ጀመረ። ሕዝቡ በደንብ የሰማው በጃንዋሪ 2004 ጋዜጣ ሲያወጣው ነው። የውሃ ድርጅቱ ተጣድፎ መቀየር ጀመረ፤ ግን የራሱን ድርሻ ብቻ። ባለቤቱ ከቻለ የቀረውን ይጨምር፣ ካልቻለ ይቅር ተባለ። አብዛኛው አልቻለም። ከ10,000 በላይ ቤቶች ግማሹ መዳብ፣ ግማሹ እርሳስ ሆነው ተቀበሩ።

ውጤቱስ? ሲቆረጥ ቧንቧው ይነቃነቃል፤ ከውስጡ የእርሳስ ፍርፋሪ ይረግፋል። ከዚያ መዳብና እርሳስ ተያይዘው ውሃ ሲያልፍባቸው እንደ ባትሪ ይሆኑና እርሳሱ ይባስ ይበላል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በኋላ ባወጣው ጥናት በግማሽ የተቀየረላቸው ቤቶች የሚኖሩ ልጆች የተቀነሰ አደጋ አልተገኘላቸውም። 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈስሶ ችግሩ እዚያው ቀረ። ዛሬ ዲሲ በግማሽ መቀየርን በሕግ ገድባለች።

እዚህ ላይ ገበያችንን አስቡት። እሸቱን በጥንቃቄ ለቅሞ፣ አጥቦ፣ አልጋ ላይ አድርቆ፣ መጨረሻ ላይ ጋዝ በነካው ጆንያ የሚጭን አቅራቢ አለ። ግማሽ ጥንቃቄ ግማሽ ዋጋ አያስገኝም፤ ጭነቱን ሙሉ ያስመልሳል እንጂ።

አራተኛ፦ ማን ይክፈል?

ሁለት ከተሞች ጥሩ መልስ አላቸው።

ማዲሰን፣ ዊስኮንሲን። ቧንቧው እንዳይበላ ፎስፌት ውሃው ላይ እየጨመሩ መኖር ይቻል ነበር፤ ብዙ ከተማ የሚያደርገው ያንን ነው። ነገር ግን ፎስፌቱ ወርዶ ሐይቆቻቸውን ሊበክል ሆነ። ስለዚህ ከ2001 ጀምረው 8,000 ገደማ ቧንቧ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነቀሉ። ባለቤቱ ለራሱ ድርሻ በአማካይ 1,340 ዶላር ገደማ ይደርስበት ነበር፤ ከተማው እስከ 1,000 ዶላር የሚደርስ ግማሹን ይመልስለታል። ገንዘቡ ከየት መጣ? በውሃ ማማዎቹ ላይ የስልክ አንቴና እንዲተከል አከራይተው! ሥራው ሁሉ 15.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጀ። ፍሊንት ሲነድ ማዲሰን ጨርሳ ተቀምጣ ነበር።

ኒዋርክ፣ ኒው ጀርሲ። በኦገስት 2019 ሕዝቡ ለታሸገ ውሃ ተሰለፈ። የመጀመሪያው እቅድ ለ10 ዓመት የሚዘልቅ ነበር፤ ባለቤቱም ድርሻ ይከፍላል። አብዛኛው ነዋሪ ግን ተከራይ ነው። ተከራይ የሰው ቧንቧ አያስቀይርም፤ አከራዩም ውሃውን አይጠጣው። ከተማው ሁለት ነገር አደረገ። ካውንቲው 120 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠለትና ለነዋሪው በነጻ ሆነ። ሁለተኛ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ገብቶ መቀየር የሚያስችል ደንብ አወጣ። ሠራተኛው መንገድ ለመንገድ እየጠራረገ ሄደ፤ ሲፋጠን በቀን እስከ 120 ቤት ደርሷል። ከ23,000 በላይ ቧንቧ በሦስት ዓመት ውስጥ አለቀ።

ዋጋውን ያወረደው ይሄ ነው። አንድ ማሽን ለአንድ ቤት ሲጠራና ለአንድ መንገድ ሙሉ ሲጠራ ሒሳቡ አንድ አይደለም። አርሶ አደሩ ሁለት ጆንያውን ለብቻው ሲያጓጉዝና ዩኒየኑ መኪናውን ሞልቶ ሲያወጣለት ያለው ልዩነት ማለት ነው።

አምስተኛ፦ ጊዜው

የፌዴራሉ መንግሥት በ2021 ባወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለእርሳስ ቧንቧ ብቻ 15 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ብዙ ይመስላል። ለ9 ሚሊዮን ቧንቧ አካፍሉት፤ ለአንድ ቧንቧ 1,667 ዶላር ይደርሳል። ከግማሽ በላዩ ደግሞ የሚመለስ ብድር ነው። ቺካጎ ብቻዋን 400,000 ያህል የቤት መስመር አላት፤ ባቀረበችው እቅድ የምትጨርሰው በ2076 ነው። ዛሬ የተወለደ የቺካጎ ልጅ ያኔ 50 ዓመት ሊሞላው ነው። የእርሳሱ ጉዳት ደግሞ የሚያገኘው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። በየዓመቱ የዘገየው ሥራ ሒሳብ የትም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ ክፍል ውስጥ ፊደል አልይዝለት ያለ ልጅ ላይ ነው የሚጻፈው።

ለእኛ ሰው

በዲሲ፣ በቺካጎና በሌሎች የቆዩ ከተሞች ዘመድ የሌለው ተከታታያችን ጥቂት ነው። ብዙዎቹ በድሮ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። ይሄን ላኩላቸው፦

ውሃ ቤት የሚገባበት ቦታ፣ ቆጣሪው ጋ ሳይደርስ፣ ቧንቧውን በቁልፍ ቀስ አድርጋችሁ ፋቅ አድርጉት። እንደ ብር ካበራ፣ ለስላሳ ከሆነና ማግኔት ካልያዘው እርሳስ ነው። እንደ ሳንቲም ከቀላ መዳብ ነው። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው።

እርሳስ ከሆነ ውሃ ማፍላት አያድንም። ሲፈላ ውሃው ይተናል፣ እርሳሱ ጀበናው ውስጥ ይቀራል። እርሳስ ለማስቀረት የተመሰከረለት ማጣሪያ ያስፈልጋል። ለልጅ ወተት መበጥበጫም ሆነ ለምግብ ከሙቁ ሳይሆን ከቀዝቃዛው ቧንቧ ቅዱ። ከከተማው የውሃ ድርጅት ስለ ቧንቧው ደብዳቤ ከመጣ ወደ ቅርጫት አትጣሉት፤ በነጻ የመቀየር ወረፋ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ካልሆናችሁም ለአከራዩ አድርሱና ተከታተሉት።

እና መዳቡስ? ለዋጋው የቻይናን ፋብሪካና የቺሊን ማዕድን ተከታተሉ። የእርሳስ ቧንቧው ጉዳይ የቆፋሪ፣ የመዝገብና የከተማ ካዝና ጉዳይ ነው። ዋጋ ስትሰሙ ሁልጊዜ «ብረቱ ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ከብረቱ ወዲያ ያለው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በቡናም ያው ነው።

የነገው የቡናና የሰሊጥ ዋጋ እንደተለመደው ጠዋት ይለጠፋል። መልካም ገበያ!