የጌም ላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ ይቀየራል?

ዛሬ ከቡናና ከእህል ዋጋ ትንሽ ወጣ እንበል፤ ነገሩ ግን ያው የገንዘብ ነው። «ያገለገለ የጌም ላፕቶፕ በርካሽ ልግዛና ካርዱን በኋላ አሳድገዋለሁ» የምትሉ አላችሁ።

አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። ዴስክቶፕ ላይ ካርዱ ተነቅሎ ሌላ ይሰካል። ላፕቶፕ ላይ ግን ቺፑ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። እንደ ፍሬምወርክ 16 ካርዳቸው የሚነቀል ጥቂት ናቸው።

በስምም አትሸወዱ። አርቲኤክስ 4090 የዴስክቶፑ ሜሞሪ 24 ጊጋባይት ነው፣ የላፕቶፑ 16። የላፕቶፑ አርቲኤክስ 4060 ደግሞ እንደ አምራቹ ከ35 እስከ 115 ዋት ይሠራል፤ ዋቱ ሲያንስ ጉልበቱም ያንሳል። ይርጋጨፌ የተባለ ሁሉ ደረጃ 1 አይደለም እንደማለት ነው።

አማራጭ አለ ወይ? ላፕቶፑ ተንደርቦልት 3 ወይም 4 ካለው፣ የዴስክቶፕ ካርድ በውጭ ሳጥን ይገጠምለታል። ግን ሳጥኑም ካርዱም ወጪ ነው፤ ኬብሉም የካርዱን ሙሉ ጉልበት አያሳልፍም።

ሥራችሁ ኤክሴልና የዋጋ ቻርት ከሆነ ካርዱን ተዉት። ራም የሚጨመርበት ከሆነ ራም ጨምሩ፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩ፤ ይበቃል።

«ካርዱን እቀይርልሃለሁ» ለሚል ሰው ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት «ይነቀላል ወይስ የተበየደ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ናሙና ሳናይ ቡና አንገዛም አይደል?