ቁጥርን ስለ ማሰናዳት፤ ስለ መመርመርና ስለ መግለጥ

በመዝገብ ላይ የተጻፈ አንድ ቁጥር ብቻውን ሲታይ እንደ ቀጭን ክር ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ ግን፤ በየወገኑ ተለይቶ፤ ከሌላው ጋር ተመዛዝኖ፤ ለተመልካች ግልጥ ሆኖ ሲቀርብ ብርቱ ኀይል ይሆናል። ቁጥር መሰብሰብ ለብዙ ሰው የሚቻል ሥራ ነው፤ ከተሰበሰበው ውስጥ እውነቱን አውጥቶ ማሳየት ግን ትምህርትና ትዕግሥት የሚጠይቅ ጥበብ ነው። ይህም ጥበብ የሰውን ሕይወት እስከ ማዳን የሚደርስ መሆኑን የእንግሊዛዊው ሐኪም የጆን ስኖው ሥራ ያስረዳል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. በኦገስት ወር መጨረሻ፤ በሎንዶን ከተማ ሶሆ በሚባለው ሰፈር፤ በብሮድ ስትሪት አካባቢ የኮሌራ በሽታ ተነሥቶ በ10 ቀን ውስጥ ከ500 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። በዚያ ዘመን ከነበሩት ሐኪሞች የሚበዙት በሽታው ከክፉ ሽታና ከተበላሸ አየር የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ስኖው ግን በ1849 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ኮሌራ በሚጠጣ ውሃ እንደሚተላለፍ ገልጦ ነበር፤ ሆኖም ሐሳቡን የተቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ።

ስለዚህ ስኖው ወደ ክርክር ሳይሆን ወደ መዝገብ ሄደ። ከሕዝብ መዝገብ መሥሪያ ቤት በ3 ቀን ውስጥ የሞቱትን የ83 ሰዎች ዝርዝር ተቀብሎ፤ ቤት ለቤት እየዞረ እያንዳንዱ የጠጣውን ውሃ ጠየቀ። ከእነዚህም 73ቱ የሞቱት በብሮድ ስትሪት የጕድጓድ ውሃ መሳቢያ አጠገብ ነበር፤ 61ዱም ከዚያ ውሃ ይጠጡ እንደ ነበረ ታወቀ። የቀሩት 10 ሰዎች ቤታቸው ለሌላ መሳቢያ የቀረበ ስለ ሆነ፤ ነገሩን የሚያፈርሱ ይመስሉ ነበር። እርሱ ግን እነዚህን ከዝርዝሩ አልሰረዘም፤ ይልቁንም አጥብቆ መረመራቸው፤ የ5ቱ ቤተ ሰቦች ዘወትር ከብሮድ ስትሪት ውሃ ያስቀዱ እንደ ነበረ፤ ሌሎች 3ቱም በዚያው አጠገብ የሚማሩ ሕፃናት እንደ ነበሩ ተረዳ።

እንደዚሁም በሽታው ለምን እንዳለፋቸው ሊታወቅ የሚገባቸው ነበሩ። በአቅራቢያው በነበረው የድሆች መጠለያ 535 ሰዎች ሲኖሩ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው፤ ምክንያቱም መጠለያው የራሱ ጕድጓድ ነበረው። ስኖው ይህን ሁሉ አሰናድቶ በሴፕቴምበር 7 ቀን ለሰበካው ሹማምንት ባስረዳ ጊዜ፤ በማግሥቱ የመሳቢያው እጀታ ተነቀለ። ኋላም የሞቱትን በየቤታቸው በጥቁር መስመር ምልክት እያደረገ በካርታ ላይ አሳየ፤ ካርታውም በመሳቢያው ዙሪያ ጠቍሮ ታየ።

ቁጥርን ከመቍጠር ይልቅ ማመዛዘን እንደሚበልጥ የሚያሳየው ግን በደቡብ ሎንዶን ያደረገው ምርመራ ነው። በዚያ ሁለት ኩባንያዎች ውሃ ያድሉ ነበር፤ አንዱ ከቴምዝ ወንዝ የከተማው ጕድፍ ከሚገባበት ስፍራ፤ ሁለተኛው ከከተማው በላይ ካለው ንጹሕ ስፍራ ይቀዳ ነበር። በፊተኛው ውሃ በሚጠቀሙት 40,046 ቤቶች 1,263 ሰዎች፤ በሁለተኛው በሚጠቀሙት 26,107 ቤቶች 98 ሰዎች ሞቱ። የሟቾቹ ብዛት ብቻ ቢነገር፤ የፊተኛው ቤቶች ስለ በዙ ነው የሚል ተከራካሪ በተነሣ ነበር። ስኖው ግን ሁለቱን በአንድ መስፈሪያ ሰፍሮ፤ በየ10,000 ቤት በፊተኛው 315፤ በሁለተኛው 37 መሞታቸውን አሳየ፤ ከዚህ በኋላ ለክርክር የቀረው ስፍራ ጠባብ ሆነ።

ከሁሉም በላይ የሚመሰገነው እውነተኛነቱ ነው። እጀታው ሲነቀል በሽታው አስቀድሞ መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ብዙ ሰውም ሰፈሩን ለቅቆ ሸሽቶ ነበር። ስኖው ይህን ራሱ በመጽሐፉ ጻፈ፤ ቁጥሩ ከሚመሰክረው አልፎ ለራሱ ክብር አልጨመረም። መጀመሪያ ሐሳቡን የተጠራጠረው ቄስ ሄንሪ ዋይትኸድም በራሱ ምርመራ የውሃውን ጥፋት አረጋገጠ።

እንግዲህ መዝገብ የሚይዝ ሁሉ፤ በሐኪም ቤትም ሆነ በግምጃ ቤት፤ በትምህርት ቤትም ሆነ በእርሻ፤ ከዚህ የሚማረው አለ። አስቀድሞ የሚጠይቀውን ጥያቄ ይወቅ፤ የማይስማማውን ቁጥር አይደብቅ፤ ብዛትን ከመጠኑ ጋር ያመዛዝን፤ ሥልጣን ላለውም ሰው በሚገባው መንገድ ይግለጥ። ይህ ሳይሆን የቀረ እንደ ሆነ መዝገቡ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይሸከማል፤ በገጹ ውስጥ የተጻፈው የሰው ሕይወት ግን ደራሽ ሳያገኝ ይቀራል።