ክርኑን የተጎዳ ልጅ ወዴት ይወሰድ?

ሐረር ውስጥ በሰፈር ኳስ በረኛ የሚሆን ልጅ ደፋር መሆን አለበት። ሜዳው ሣር የለውም፤ ጠጠርና አቧራ ነው። ልጁ ኳሷን ለማዳን ይወረወራል፤ መሬቱ ሲቀርበው ሳያስበው እጁን ይዘረጋና በመዳፉ ያርፋል። ያኔ የገላው ክብደት ሁሉ በተዘረጋው ክንዱ አልፎ ክርኑ ላይ ይጫናል። ክርኑ ካልቻለው አንድም ይወልቃል፣ አንድም ከበላዩ ያለው አጥንት ይሰበራል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ትርምስ የሐረርን የሰፈር ጨዋታ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ዳር ቆሞ ሲያይ የነበረው ሰው በሙሉ ሜዳ ይገባል። "አቦ አትንኩት!" ይላል አንዱ። "ሳይበርድበት ይታሽ!" ይላል ሌላው። "ወሪያ፣ ባጃጅ ጥራ!" የሚል ጩኸት ከኋላ ይሰማል። በተለይ ልጁ ነገ ለክለብ ይደርሳል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ከሆነ ጭንቀቱ የቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ሁሉ ነው። ሐረር ቢራ በፕሪሚየር ሊጉ ሲጫወት አይቶ ያደገ ሰው አንድ ጎበዝ ልጅ ከሰፈሩ ሲነሣ ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ባጃጁ ሲደርስ ክርክሩ ወዴት ይሂድ በሚለው ላይ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው "ወጌሻ ጋ ውሰዱት" የሚለው ድምፅ ነው።

ወጌሻ የተሰበረ አጥንት የሚጠግን፣ የወለቀ መገጣጠሚያ የሚመልስ፣ ወለምታ የሚያሽ ባለሙያ ነው። በጀጎል ግንብ ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ፣ በዙሪያው ባሉት የገጠር ቀበሌዎችም ሰው የሚያውቀው ወጌሻ አያጣም። ሙያው በአብዛኛው በቤተሰብ ይወርዳል። ልጅ ከአባቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሕመምተኛውን ደግፎ እየያዘ፣ ጨርቅ እያቀበለ፣ እጁ አጥንት መለየት እስኪጀምር ድረስ ይማራል። ክፍያው ቀላል ነው። ሰው ሲቸግረው ደግሞ ይጠብቃል፤ በሌሊት ቢያንኳኩበትም በሩን ይከፍታል። በክለብ ጨዋታ ቦርሳ አንጠልጥሎ ወደ ወደቀው ተጫዋች የሚሮጠውንም ሰው ወጌሻ እንለዋለን፤ የሱ ሥልጠና ግን የተለየ ስለሆነ እዚህ የማወራው ስለ ሰፈሩ ወጌሻ ነው።

ጎበዝ ወጌሻ ሲሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። መጀመሪያ የታመመውን እጅ አይነካም። ሁለቱን እጆች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ያስተያያል፤ የቱ እንዳበጠ፣ የቱ እንደተጣመመ በዐይኑ ይለካል። ከዚያ አውራ ጣቱን ከደህናው ቦታ አስነሥቶ በአጥንቱ ላይ ቀስ እያለ ወደ ሕመሙ ይወስደዋል። እግረ መንገዱን ልጁን ስለ ትምህርቱ፣ ስለሚደግፈው ቡድን ይጠይቀዋል። ልጁ መልስ ሲጀምር፣ ጡንቻው ሲላላ፣ ባላሰበበት ሰዓት ሳብ አድርጎ ይመልስለታል። በመጨረሻ ከቀርከሃ የተሰነጠቁ ቀጫጭን እንጨቶችን በጨርቅ ጠቅልሎ ያስራል።

ይህ ሙያ የሚያድንበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዱን ምሳሌ የሐረር እናቶች በደንብ ያውቁታል። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሆነውን ሕፃን በጀጎል ደረጃ ሲያሻግሩት በአንድ እጁ ብድግ ያደርጉታል። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ከዚያ እጁን እንደተንጠለጠለ ይተወዋል፤ ብስኩት ቢሰጡትም በዚያ እጁ አይቀበልም። ከክርን በታች ካሉት ሁለት አጥንቶች የአንደኛው የላይኛው ጫፍ ከያዘው ጅማት ትንሽ ሾልኳል ማለት ነው። የለመደ ወጌሻ መዳፉን ወደ ላይ አዙሮ ክርኑን ያጥፈዋል፤ አውራ ጣቱ ሥር ቀጭ የሚል ነገር ይሰማዋል። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ሕፃኑ በዚያው እጁ ብስኩቱን ይቀበላል። ሆስፒታል ቢሄድ ሐኪሙ የሚያደርግለትም ይህንኑ ነው።

ከግብ ክልል ተወርውሮ የወደቀው ልጅ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ሕዝቡ አጥብቆ ሊያውቀው የሚገባውም ይህን ልዩነት ነው። በልጅነት የላይኛው ክንድ አጥንት ከክርን ከፍ ብሎ በጣም የሚሳሳበት ቦታ አለ። እጁን ዘርግቶ የወደቀ ልጅ በብዛት የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ስስ አጥንት ፊት ለፊት፣ ጥቂት ሚሊሜትር ርቆ፣ ወደ እጅ የሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧና ጣቶችን የሚያዝ ነርቭ ያልፋሉ። የተሰበረው አጥንት ጫፍ ሹል ነው። ሲገፋም ሲታሽም ወደነዚህ ይሄዳል። የእግር አውራ ጣት ላይ ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ ጥሩ የሠራ እጅ፣ እዚህ ቦታ ላይ በዚያው ልማድ ከሠራ ልጁን መዳፉን ሊያሳጣው ይችላል።

የሚያሰጋው ማሸቱ ብቻ አይደለም። የተሰበረ ክርን በመጀመሪያው ቀን በፍጥነት ያብጣል። የክንድ ጡንቻዎች የማይለጠጥ ሽፋን ውስጥ የታሸጉ ናቸው። ውስጡ ሲያብጥና ከላይ ቀርከሃው ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር ደሙ መግቢያ ያጣል። ደም ያጣ ጡንቻ ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ወደ ነበረበት የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። ሪቻርድ ፎን ፎልክማን የተባለው የጀርመን የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1881 ስለዚህ ጉዳት ጽፏል፤ ጥብቅ ፋሻ የታሰረባቸው እጆች ጡንቻቸው ሞቶ፣ ጣቶቻቸው ወደ ውስጥ ታጥፈው እንደሚቀሩ አስረድቷል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሚሠሩ የአጥንት ሐኪሞችም ከጥብቅ እሰራ የመጣ ጋንግሪን (የሥጋ መሞትና መበስበስ) ይዘው የሚመጡ ልጆችን ያውቃሉ። አንዳንዶቹ እጃቸውን ከማስቆረጥ በቀር መንገድ አልቀረላቸውም ነበር።

እዚህ ላይ ልቤን የሚነካኝ ነገር አለ። ቤተሰብ ወደ ወጌሻ የሚሄድበትን ምክንያት ስትጠይቁት ከሚነግራችሁ አንዱ "ሆስፒታል ከሄደ ይቆርጡታል" የሚል ነው። ጎረቤቱ እጁ ተቆርጦ ሲመለስ አይቷል፤ ያየው እውነት ነው። ያላየው ግን ጎረቤቱ ሆስፒታል የደረሰው ታስሮ ብዙ ቀን ከቆየ በኋላ፣ ጣቶቹ ከጠቆሩ በኋላ መሆኑን ነው። ፍርሃቱ ሌላውን ልጅ ያዘገያል፤ መዘግየቱ ሌላ መቆረጥ ያመጣል፤ ያም ፍርሃቱን ያጠናክረዋል።

ይህን ክፉ አዙሪት የሰበሩ ሙከራዎች በአገራችን ተደርገዋል። ሐኪሞች ወጌሾችን ሰብስበው አጭር ሥልጠና ሲሰጧቸው፣ እሰራው እንዳይጠብቅ፣ ጣቶች በየሰዓቱ እንዲታዩ፣ የክርን ጉዳትና ቆዳ የቀደደ ስብራት ወዲያው ወደ ሆስፒታል እንዲላክ ሲነግሯቸው፣ በጋንግሪን የሚመጡት ሕመምተኞች ቁጥር ቀንሷል። ወጌሻው ጠላት ተደርጎ ቢታይ ይህ አይገኝም ነበር። እኔ ወጌሻ ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። አጥንት የሚያውቅ እጅ ያለው ሰው ሰፈር ውስጥ መኖሩ ትልቅ ሀብት ነው፤ "ይህ የኔ አይደለም፣ ቶሎ ውሰዱት" ማለት የሚችል ወጌሻ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ነው። የሰፈሩ ሰው ቃሉን ይሰማልና።

ወደ ሆስፒታል መድረስ ለሐረር ሰው ዱሮ ቀላል አልነበረም። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እዚህ ከተማ ሲነግድ ጉልበቱን ታሞ፣ ሚያዝያ 1891 እ.ኤ.አ. ራሱ ባሠራው ቃሬዛ 16 ሰዎች እየተፈራረቁ ተሸክመውት ወደ ዘይላ ወደብ ወረደ፤ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆን በረሃ ነው። ማርሴይ ሲደርስ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር በ37 ዓመቱ ሞተ። ዛሬ ከፈረስ መጋላ የተነሣ ባጃጅ በደቂቃዎች ውስጥ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ካለው ሕይወት ፋና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በር ይደርሳል። ከተማው ውስጥ ጀጎል ሆስፒታልም አለ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ምሥጢር የለውም። በመጀመሪያ የእጅ አንጓ ላይ የደም ትርታ ይዳሰሳል፤ ልጁ አውራ ጣቱንና አመልካች ጣቱን አጋጥሞ ክብ እንዲሠራ ይጠየቃል፤ ነርቩ ደህና መሆኑ በዚህ ይታወቃል። ራጅ ይነሣል። አጥንቱ ከቦታው ካልራቀ ሙሉውን ክንድ ያልዞረ፣ ለእብጠት ቦታ የሚተው ጄሶ ይበቃዋል። ከቦታው ከራቀ ልጁ በማደንዘዣ ተኝቶ አጥንቱ ይመለሳል፤ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች በቆዳው በኩል ገብተው ይይዙታል። የልጅ አጥንት ቶሎ ይገጥማል፤ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሽቦዎቹ ይወጣሉ።

ክርን የተጫዋቾችና የደጋፊዎች መከራ የሆነበት ሌላው ዓለም አሜሪካ ነው። ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታቸው ኳስ ወርዋሪው ክንዱን በሙሉ ኃይል ያወናጭፋል፤ በክርኑ የውስጥ ጎን ያለው ጅማት ቀስ በቀስ ይላላል፣ ይበጠሳል። እ.ኤ.አ. እስከ 1974 ድረስ ይህ የደረሰበት ወርዋሪ ጨዋታው አበቃ ማለት ነበር። በዚያ ዓመት ፍራንክ ጆብ የተባለ ሐኪም ቶሚ ጆን ለተባለ ተጫዋች ከሌላኛው ክንዱ ጅማት ወስዶ ተከለለት። ቶሚ ጆን በ1976 ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ እስከ 1989ም ተጫወተ። ቀዶ ሕክምናው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ከዚያ አገር ታሪኮች ለሐረር ሰው የምመርጠው የስቲቨን ስትራስበርግን ነው። ይህ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2010 ለዋሽንግተን ናሽናልስ በመጀመሪያ ጨዋታው 14 መቺዎችን አክሽፎ መለሰ፤ ከተማው አበደለት። ሦስት ወር ሳይሞላው ጅማቱ ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከተመለሰ በኋላ በ2012 ቡድኑ ለዋንጫ ሲጫወት ኃላፊዎቹ ክርኑ እንዳይጎዳ ብለው በመስከረም ወር ላይ አሳረፉት። ደጋፊው ተቆጣ፤ ቡድኑም በዚያ ዓመት ተሸንፎ ወጣ። ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ። በ2019 ናሽናልስ የመጀመሪያ ዋንጫቸውን ሲያነሡ የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው ያው ስትራስበርግ ነበር። ማሳረፉ ብቻ ነው ዋንጫውን ያመጣው ማለት አይቻልም። ደጋፊ ልጁን እየወደደው ሊያቻኩለው እንደሚችል ግን ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ አላውቅም። እኛም ሰፈር "ለቅዳሜው ጨዋታ ይድረስልን" የሚለው ፍቅር ነው ልጁን ለችኮላ እሽት የሚዳርገው።

እንግዲህ ሜዳ የገባው ሕዝብ ፍቅሩን በሥራ ማሳየት ከፈለገ የሚሠራው አለ። እጁ በተገኘበት አኳኋን ይቆይ፤ ለማቃናት አይሞከር። ከካርቶን ቁራጭ ወይም ከተጠቀለለ ጋዜጣ ድጋፍ አድርጎ፣ በነጠላ ወይም በሻሽ ከአንገት ላይ ላላ አድርጎ ማንጠልጠል ይበቃል። አምባርና ቀለበት ካለ እብጠቱ ሳይቀድም ይውለቅ። ልጁ ደነገጠ ተብሎ ሻይና ለስላሳ ይቀርብለታል፤ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ስለሚችል አለመስጠቱ ይሻላል። በባጃጁ ውስጥ አብሮት የሚሄደው ሰው ጥፍሩን ጫን አድርጎ ይልቀቅለት፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ካልተመለሰ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ለሐኪሙ ገና በር ላይ ይንገር።

ቀድሞ ታስሮ ከሆነም ጊዜው አላለፈም። ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹን ሰው ሲዘረጋለት ከጮኸ፣ እሰራው እዚያው ይፈታ። ወጌሻውን ማስፈቀድ አያስፈልግም፤ እስኪነጋ መጠበቅም አይገባም።

ሽቦው ወጥቶ ጄሶው ሲፈታ ክርኑ ደርቆ ይገኛል፤ ቤተሰብ የሚደነግጠው ያኔ ነው። አሁንም ወደ እሽት መመለስ ያምራል፤ ነገር ግን ክርን በጉልበት ሲታሽና ሲጎተት ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊበቅልበት ይችላል፤ መድረቁም ይብሳል። ልጁ ራሱ ያንቀሳቅሰው፤ ይብላበት፣ ይታጠብበት፣ ደብተሩን ይያዝበት። ሙሉ እንቅስቃሴው ለመመለስ ወራት ይወስዳል። ወደ ግቡ የሚመለስበትን ቀን የሚወስነውም ክርኑ ከሌላው እኩል መታጠፍና መዘርጋቱ፣ የሐኪሙም ፈቃድ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በረኛነቱን ሌላ ልጅ ይያዘው።