ክንድ የአንጎልን ደም ይሰርቃልን?

ሰሞኑን ከአፍ ወደ አፍ የሚዛመት አንድ ወሬ አለ፤ ይኸውም ግራ ክንዱን አብዝቶ የሚያሠራ ሰው የአንጎሉን ደም ወደ ክንዱ ስለሚስብ አንድ ቀን በሥራው ላይ ሳለ ተዝለፍልፎ ይወድቃል የሚል ነው። ወሬው ከእውነተኛ ደዌ የተቀዳ መሆኑ ነገሩን ያከፋዋል እንጂ አያቃልለውም፤ ጥቂት እውነት የተቀላቀለበት ሐሰት ከንጹሕ ሐሰት ይልቅ በሰው ኅሊና ውስጥ ሥር ይሰዳልና። ጤነኛ ሰው ልጁን በግራ ክንዱ ለማቀፍ እስኪሰጋ ድረስ ነገሩ ሲጋነን ዝም ማለት አይገባም።

ስለ ልብና ስለ ደም ዑደት አንባቢ ከትምህርት ቤት ያውቃልና ልለፈው። ከልብ የሚወጣው ታላቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታ፣ በደረት ውስጥ እንደ ቀስት ሲታጠፍ ለእያንዳንዱ ክንድ ሰብክላቪያን የተባለ ደም ቅዳ ይደርሰዋል፤ የግራው በቀጥታ ከቀስቱ ሲነሣ የቀኙ ግን ለአንገትና ለክንድ የጋራ ከሆነ አጭር ግንድ ይከፈላል። ሁለቱም ወደ ክንድ ከመዝለቃቸው አስቀድሞ ቨርቴብራል የተባለ ቅርንጫፍ ወደ ላይ ይሰዳሉ፤ እነዚህም ቅርንጫፎች በአንገት አጥንቶች የጎን ቀዳዳዎች እየሾለኩ ወደ ራስ ቅል ገብተው አንድ ይሆኑና የአንጎልን ግንድ፣ ትንሹን አንጎልና ለማየት የሚያገለግለውን የኋላ ክፍል ይመግባሉ።

አሁን የግራው ሰብክላቪያን ቨርቴብራል ከሚለይበት ስፍራ በፊት፣ ስብ ተጋግሮበት ጠበበ እንበል። ከጥበቱ ወዲያ ግፊቱ ይወርዳል፤ በቀኝ ክንድ 140 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው በግራ 95 ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ቨርቴብራሎች በሚጋጠሙበት ስፍራ በቀኝ በኩል የወጣው ደም ከፍ ያለ ግፊት ይዞ ሳለ በግራው ግርጌ ግን ዝቅ ያለ ግፊት ይጠብቀዋል። ደም ደግሞ አንጎልን ከክንድ አብልጦ አያከብርም፤ ሕጉ ግፊት ከበዛበት ወደ አነሰበት መሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ የላይኛው አፉ በደለል የተደፈነ የመስኖ ቦይ ከጎረቤቱ ቦይ ጋር በሚገናኝበት በኩል ውኃን ወደ ኋላ እንደሚቀበል፣ የግራው ቨርቴብራልም ከቀኙ የተቀበለውን ደም ቁልቁል ወደ ክንድ ያወርዳል።

ይህም በአንድ ጊዜ የሚሆን አይደለም። መጀመሪያ ወደ ላይ የሚሄደው ደም ልብ በምትኮማተርበት ቅጽበት ብቻ ይገታል፤ ጥበቱ ሲበረታ በእያንዳንዱ ትርታ ወደ ታችና ወደ ላይ ይመላለሳል፤ በመጨረሻ ጨርሶ ቁልቁል ይፈሳል። አንገት ላይ የሚያርፈው አልትራሳውንድ ይህን ሁሉ ያሳያል። ሰውየው ጣሪያ ሲቀባ ወይም ልብስ ሲያሽ የጡንቻው ጥቃቅን ሥሮች ስለሚሰፉ ወደ ኋላ የሚፈሰው ይጨምራል፤ ማዞር፣ የዓይን መደብዘዝ፣ አልፎ አልፎም ራስን መሳት የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው። ሰብክላቪያኑ ያልጠበበ ሰው ግን ይህ የግፊት ልዩነት ስለሌለው ቀኑን ሙሉ እንጨት ቢፈልጥ ደሙ አቅጣጫ አይለውጥም።

ይህ የደም መመለስ በራጅ ሥዕል የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን፣ በ1961 ከሕመም ምልክት ጋር ተያይዞ ተጻፈ። እዚህ ላይ ግን ሐኪሞችም ቢሆኑ ነገሩን በጥንቃቄ መናገር ይገባቸዋል። ደሙ የተመለሰበት አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም፤ በአንጎል ግርጌ ያለው የደም ሥሮች ቀለበት ከአንገት ፊት ከሚመጡት ደም ቅዳዎች ያሟላለታልና። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ አዞረው ቢል፣ ምርመራውም ደሙ መመለሱን ቢያሳይ፣ ምክንያቱ ከጆሮው፣ ከሚወስደው መድኃኒት ወይም ከልቡ ምት ሊሆን ይችላል፤ ምልክት የሌለውም በተለምዶ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፤ ሲጋራውን ይተው፣ ግፊቱንና ስቡን ይጠብቅ ይባላል። ከደረት ግድግዳ በተወሰደ ደም ቅዳ ልቡ የተጠገነለት ሰው ግን ከዚህ ይለያል፤ ያ ደም ቅዳ ከሰብክላቪያን ስለሚነሣ ጥበቱ ልቡን ሊያስርብ ይችላል።

ክንድ በበኩሉ ምን ያህል ቻይ እንደሆነ ኖቬምበር 29 ቀን 1944 በባልቲሞር ታይቷል። በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል አልፍሬድ ብላሎክ፣ በሄለን ታውሲግ ሐሳብና ቪቪያን ቶማስ በውሾች ላይ ባደላደለው ዘዴ፣ ከልብ ጉድለት የተነሣ ገላዋ የጠቆረ ሕፃን ግራ ሰብክላቪያን ቆርጦ ከሳንባዋ ደም ቅዳ ጋር ሰፋው። ይህ ዘዴ ለሺዎች ሕፃናት የተደረገው ዋናው ደም ቅዳ ሲቆረጥ በትከሻ ዙሪያ ያሉት ሥሮች ሰፍተው ክንዱን ስለሚመግቡ ነው።

እንዲሁ ከመቶ ሰው አንድ ገደማ የቀኙ ሰብክላቪያን በፅንስ ዘመን መንገዱን ስቶ ከቀስቱ መጨረሻ ይነሣና አብዛኛውን ጊዜ ከምግብ ቧንቧ በስተኋላ ወደ ቀኝ ይሻገራል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት እንግሊዛዊው ዴቪድ ቤይፎርድ በዚህ ምክንያት መዋጥ የተሳናትን ሴት ታሪክ ቢጽፍም፣ ብዙዎቹ ሳያውቁት ዕድሜያቸውን ይፈጽማሉ። ይልቁን መጨነቅ የሚገባው እንቅርት ለሚያወጣው ቀዳጅ ሐኪም ነው፤ በእነዚህ ሰዎች የቀኙ የድምፅ ነርቭ በሰብክላቪያን ሥር ስለማይዞር ባልጠበቀው ስፍራ ቢላው ሊያገኘው ይችላልና።

ስለዚህ ወሬኞቹ ክንድን ከማስፈራራት ይልቅ ሁለቱንም ክንድ ማስለካትን ቢያስተምሩ ይበጅ ነበር። በሁለቱ መካከል 15 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት ቢገኝ ሊመረመር ይገባል፤ በጠበበው ክንድ ብቻ የሚለካ ሰው ግፊቱ ከፍ ብሎ ሳለ ደኅና ነህ ተብሎ ይሸኛል፤ ይህም ከወሬው ሁሉ የከፋ አደጋ ነው።