ሕፃናትና የቍጥር ማስተዋል

ከመሥሪያ ቤቱ የተመለሰ አባት ልጁን በእንግዳ ፊት አቁሞ «እስቲ እስከ መቶ ቍጠር» ሲለው፥ ልጁም ሳይደናቀፍ አንበልብሎ ሲወጣው ቤተ ሰቡ ኹሉ ደስ ይለዋል። ደስታው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ለዚያው ልጅ ባቄላ በሰፌድ አቅርበው «ሰባት ፍሬ ስጠኝ» ያሉት እንደ ሆነ፥ እፍኝ ሙሉ ዘግኖ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ልጅ የቍጥሮችን ስም እንደ ዜማ በቃሉ ያዘ እንጂ መቍጠርን ገና አላወቀም።

መቍጠር ምን ምን ማወቅን እንደሚጠይቅ ሮሼል ጌልማንና ራንዲ ጋሊስቴል የተባሉ ሊቃውንት በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ዘርዝረው ጽፈዋል። ከዘረዘሯቸውም መካከል ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ስም ብቻ መስጠት፥ ስሞቹንም ዘወትር በአንድ ተራ መጥራት ይገኙበታል። ለሕፃን የሚከብደው ግን ሌላው ነው፤ ይኸውም በመጨረሻ የተጠራው ስም የጠቅላላው ብዛት መሆኑን መረዳት ነው። ወላጅ ይህን በቤቱ ሊመረምረው ይችላል። ልጁ አምስት ባቄላ ቈጥሮ ሲጨርስ «ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። «አምስት» በማለት ፈንታ እንደ ገና ከአንድ የጀመረ እንደ ሆነ፥ ይህ ነገር ገና አልገባውምና ወደ መደመር ማጣደፍ አይገባም።

ዐይንም የራሱ ድርሻ አለው። በረከቦት ላይ ሦስት ሲኒ ብናይ ሳንቈጥር ሦስት መሆኑን እናውቃለን፤ ከአራት በላይ ሲሆን ግን ዐይን መከፋፈል ይጀምራል። ስለዚህ ሰባትን አራትና ሦስት፥ ዐሥርን ስምንትና ሁለት አድርጎ ማየት የለመደ ልጅ፥ ስምንትና አምስት ደምር ሲባል ጣቱን ከአንድ ጀምሮ አያጥፍም፤ ከአምስቱ ሁለት ወስዶ ስምንቱን ዐሥር ይሞላና ዐሥራ ሦስት ይላል። ለዚህ ልምምድ ገበጣ የሚያህል መሣሪያ በቀላሉ አይገኝም። ተጫዋቹ በየጕድጓዱ አንዳንድ ጠጠር እየጣለ ይሄዳል፤ ሲበስልም የመጨረሻው ጠጠር የት እንደሚያርፍ ሳይጥል በዐይኑ ይገምታል። የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው ብለን የናቅነው እኛ ዐዋቂዎች ነን።

ቋንቋችንም ይረዳናል። «ዐሥራ አንድ» ስንል ዐሥርና አንድ መሆኑ በግልጽ ይሰማል፤ የእንግሊዝኛው «ኢሌቨን» ግን ዐሥሩን ይሰውረዋል። ልጁ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲቈጥር የሚያስገድዱ ወላጆች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። እርግጥ የእኛም «ሃያ» ሁለትን አያሳይም፤ ስድሳና ሰባ ግን ከስድስትና ከሰባት ጋር ያላቸው ዝምድና ለጆሮ ይሰማል።

ችግሩ የሚጸናው በጽሕፈት ላይ ነው። «መቶ ሰባት ጻፍ» የተባለ ልጅ 1007 ብሎ ቢጽፍ በቀይ ቀለም ይሠረዝበታል። ነገር ግን ልጁ የሰማውን ነው የጻፈው፤ መጀመሪያ መቶን፥ ቀጥሎም ሰባትን። በግእዝ አኃዝ ቢሆን ፻፯ ተብሎ በሁለት ምልክት ስለሚጻፍ ትክክል በሆነለት ነበር። በዛሬው አኃዝ ግን ዋጋ የሚሰጠው ቦታ ነው፤ ይህም ካልተገለጸለት ሕፃን ከራሱ አያገኘውም። መምህሩ ስንደዶ ያስመጣ፤ ልጆቹ ዐሥር ዐሥሩን ይሰሩ፥ ዐሥሩንም እስር በአንድ ትልቅ ነዶ ያስሩ። ከዚያ መቶ ሰባት ሲባል አንድ ነዶና ሰባት ነጠላ ስንደዶ በጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ በሁለቱም መካከል የእስሮቹ ስፍራ ባዶውን ይቀራል። ዜሮ የሚጻፈው በዚያ ባዶ ስፍራ ነው።