ዲሹ ላይ ያረፈችው ጭልፊት

ካይሮ ውስጥ ፎቶ መማር የጀመረ ሰው የመጀመሪያዋን ጭልፊት የሚያገኛት ብዙ ጊዜ ጣሪያ ላይ፣ ከሳተላይት ዲሽ ጫፍ ነው። ከኋላዋ ያልተለሰነ ቀይ ጡብ፣ የተሰጣ ልብስ፣ የውሃ ታንከርና ከጣውላ የተሠራ የርግብ ቤት ተደራርቧል። ትንፋሹን ውጦ ደጋግሞ ያነሳታል። ቤት ገብቶ ፎቶዎቹን ሲከፍት የዲሹ ዝገት ሳይቀር ቁልጭ ብሏል፤ ጭልፊቷ ደብዝዛለች።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አውቶፎከስ ብርሃንና ጥላ ጎልተው የሚለያዩበትን ጠርዝ ይወዳል። የጡብ መስመርና የዲሽ ክብ ጠርዝ ደግሞ ከወፏ ነጠብጣብ ቡናማ ጀርባ ይልቅ ጎልተው ይታያሉ።

ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ የፎከሱን ቦታ ማጥበብ ነው፦ አንድ ነጥብ፣ ወይም ጥቂት ነጥቦች፣ ያውም ዓይኗ ላይ። ለምትበር ወፍ ተከታታይ ፎከስ ያስፈልጋል፤ ካኖን ሰርቮ፣ ኒኮንና ሶኒ ኤኤፍ-ሲ ይሉታል። በ2021 እንደወጣው ሶኒ አልፋ 1 ያሉ ካሜራዎች የወፍ ዓይን ራሳቸው ለይተው ይከተላሉ። ቢሆንም ቅርንጫፍ ወይም ሽቦ ከፊት ሲገባ እነሱም ይስታሉ፤ ጠባብ ቦታ የመረጠ ሰው ያኔ ይጠቀማል።

ለልምምድ ከስትረል የምትባለውን ትንሽ ጭልፊት የሚያህል አስተማሪ የለም። በካይሮ ሕንጻዎች ላይ ትራባለች። አደን ስትፈልግ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥማ አየር ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ክንፏ ይርገበገባል፣ ጅራቷ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል፣ ጭንቅላቷ ግን የተቸነከረ ይመስል አይነቃነቅም። ሹተሩን 1/2000 ሰከንድ ላይ ላደረገ ጀማሪ እነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ብዙ ናቸው።

ጭላቷ ሌላ ትምህርት ታስተምራለች። የአዲስ አበባ ሰው ከሥጋ ቤት ደጃፍ የሚያውቃት ናት፤ እዚህም ከናይል በላይ ስታንዣብብ ትውላለች። ከደማቅ ሰማይ ተነሥታ ጥቁር ዛፍ ላይ፣ ከዚያ ነጭ ግድግዳ ፊት ታልፋለች። ካሜራው በራሱ ብርሃን ሲለካ አንዴ ያጠቁራታል፣ አንዴ ያነጣታል። እሷን የሚመታት ፀሐይ ግን ያው ነው። ኤክስፖዠሩን በእጅ አስተካክሎ መተው እዚህ ላይ ያዋጣል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚወስነው የቆሙበት ቦታ ነው። በ400 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 5.6፣ 20 ሜትር ርቃ ያለች ወፍ ፎቶ ስትነሳ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ከአንድ ሜትር ያንሳል። ግድግዳው ሁለት ሜትር ከኋላዋ ከሆነ ጡቡ አሁንም ይለያል፤ ሦስት መቶ ሜትር ከራቀ ግን ለስላሳ ቀለም ብቻ ይሆናል። ለዚህ ነው ባዋቡን (የሕንጻውን ዘበኛ) አስፈቅዶ ወደ ጣሪያ መውጣት ዋጋ ያለው፤ ወፏም ዓይን ለዓይን ትገጥማለች፣ ከጀርባዋም ሩቁ ከተማ ይዘረጋል። ጎጆ ላይ ካለች ግን መቅረብ አይገባም፤ ፎቶው ይቅር እንጂ ጫጩቶቹ መራብ የለባቸውም።

የጥንቶቹ ግብጻውያን ቀራጮችም ወፍን ከየት እንደሚያዩ ያውቁ ነበር። በ1860 ጊዛ ላይ በተገኘው የንጉሥ ኻፍሬ ሐውልት፣ የአምላኩ የሆረስ ጭልፊት ከንጉሡ ራስ በስተኋላ ክንፏን ዘርግታለች። ፊት ለፊት የቆመ አያያትም። ወደ ጎን ዞር ያለ ግን ክንፏን፣ ምንቃሯን፣ ሁሉንም ያያል።

ዲሹ ላይ ላለችውም እንዲሁ ነው። ጀማሪው ሦስት እርምጃ ወደ ግራ ይሄዳል፣ በጉልበቱ በርከክ ይላል። ቀይ ጡቡና የተሰጣው ልብስ ከፍሬሙ ይወጣሉ፤ በምትካቸው በጠዋት ጭጋግ የገረጣው የሙቀጠም ገደል ይገባል። ጭልፊቷ አንገቷን አዙራ ወደ ካሜራው ስታይ ፀሐይ በጥቁር ዓይኗ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ታበራለች።