«በግፊያ ይነሳል» የተባለ መኪና ስንት ይቀነስበታል?

ቁልፍ ሲዞርለት ዝም የሚል፣ ሲገፋ ግን የሚነሳ መኪና በባሕር ዳር የአሮጌ መኪና ገበያ ሁሌም ክርክር ያስነሳል። ሻጭ «ባትሪ ብቻ ነው» ይላል። ደላላ ሞተሩን ጭምር ጠርጥሮ ዋጋ ያወርዳል። ገዢ በሁለቱ መካከል ቆሞ በግምት ይከፍላል፣ ወይም በግምት ትቶ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ማርሹ በእጅ የሚገባ መኪና በግፊያ ሲነሳ ስለ ሕመሙ ግማሹን ራሱ ተናግሯል። የሚሰማው ከተገኘ ክርክሩ በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

ክርክሩ ካለፉት ዓመታት ወዲህ ከበድ ያለ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሆኗል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ የብር ዋጋ ወረደ፤ ከውጭ የሚገባው ባትሪም፣ ሞተሪኖም፣ ዲናሞም አብሮ ተወደደ። ከወረታ የፎገራ ሩዝ፣ ከጣና ዳርቻ ዓሣና ማንጎ የሚያመላልስ ነጋዴ ያልተበላሸ ዕቃ በስህተት ከለወጠ የአንድ ጉዞ ትርፉን በቀላሉ ያጣል።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ ቀላል ነው። ሞተር እንዲነሳ መጀመሪያ አንድ ኃይል ማዞር አለበት። ከዞረ በኋላ አየር፣ ነዳጅና (ቤንዚን ከሆነ) የካንዴላ እሳት ካገኘ በራሱ ይቀጥላል። በቁልፍ ሲነሳ የማዞሩን ሥራ የሚሠራው ከባትሪ ኃይል የሚወስደው ሞተሪኖ ነው። በግፊያ ሲነሳ ግን ጎማው በካምቢዮና በፍሪሲዮን በኩል ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሪኖው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በመሆኑም በግፊያ ወዲያው ተነስቶ ሳይንገዳገድ የሚሠራ መኪና ነዳጁ ደርሷል፣ እሳቱም አለ፣ ሞተሩም አየር ይጨምቃል ማለት ነው። ጥፋቱ መፈለግ ያለበት ከባትሪ እስከ ሞተሪኖ ባለው መስመር ላይ ብቻ ነው። በቁልፍ ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ባትሪና ሞተሪኖ ነፃ ናቸው፣ ተጠርጣሪው ነዳጅ ወይም እሳት ነው። በዚህ ሁኔታ አዲስ ባትሪ መግዛት ገንዘብ ሐይቅ ውስጥ መወርወር ነው።

በግፊያ ለሚነሳው ዓይነት ቀጣዩ ምርመራ ገንዘብ አይጠይቅም። የፊት መብራት ይበራል፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይደረጋል፣ ቁልፉ ይዞራል። መብራቱ ድክም ብሎ ከጠፋና «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ባትሪው ደክሟል፣ አለዚያም ገመዱ በባትሪው ራስ ላይ ላልቷል ወይም ዝጓል። መብራቱ ሳይደበዝዝ አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር ያለ «ጠቅ» ካለ ጣት የሚቀሰረው በሞተሪኖው ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ካርቦኑ አልቋል። መብራቱ እንደደመቀ ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ ኃይሉ ሞተሪኖው ዘንድ አልደረሰም። የቁልፉ ማብሪያ፣ ፊውዝ ወይም ገመድ ይታያል። አንዳንድ ማንዋል መኪኖች ፍሪሲዮኑ እስከ መጨረሻው ካልተረገጠ ቁልፉ እንዳይሠራ የሚያደርግ ትንሽ ማብሪያ ፔዳሉ ሥር አላቸው። እሱ ሲበላሽ፣ ወይም ምንጣፍ ተጠቅልሎ ፔዳሉን ሲያግደው፣ ደህናው መኪና የሞተ ይመስላል። ከሁሉም ርካሹ ጥፋት ይኸው ነው፤ በቀላሉ የሚዘለለውም እሱ ነው።

በባትሪ ራስ ላይ የሚታየውን ነጭና አረንጓዴ ዝቃጭ «የሐይቅ እርጥበት ነው» የሚሉ አሉ። ጣና ጨው አልባ ውሃ ስለሆነ እንደ ምፅዋ ባሕር ብረት አይበላም። ዝቃጩ ከባትሪው ከራሱ አሲድ የሚመጣ ነው። ገመዱን ፈትቶ የዳቦ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ማጠብ፣ ማድረቅና አጥብቆ መልሶ ማሰር ብቻውን ብዙ መኪና አስነስቷል። ከባትሪው ወደ ሻሲና ወደ ሞተሩ የሚሄደው የኔጌቲቭ ገመድም አብሮ መታየት አለበት።

ከዚያ በኋላ ቴስተር ይመጣል። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ መኪናው ቆሞ ባደረበት ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ወርዷል። ቁልፉ ሲዞር ከ10 ቮልት በታች በብዙ ከወረደ ባትሪው ሸክም አይችልም። ከሁሉ በላይ ሊታለፍ የማይገባው ግን ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ያለው ልኬት ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች 13.8 እስከ 14.5 ቮልት መሆን አለበት። እዚያ ካልደረሰ ዲናሞው አይሞላም፤ «አዲስ ባትሪ ገጥሜበታለሁ» የሚለው ሻጭ የገጠመው ባትሪም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ሞተሩ ባልተነሳበት ሰዓት ብቻ የተደረገ ልኬት ግማሽ ልኬት ነው።

ሁለት ባትሪ ተከታትለው የተያያዙላቸው እንደ አይሱዙ ኤፍኤስአር ያሉ የጭነት መኪኖች በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸውና ቁጥሩ በሁለት ይባዛል። ከእነዚህ በካቦ ኃይል ወስዶ የ12 ቮልት ቤት መኪና ለማስነሳት መሞከር ኤሌክትሮኒክስ ዕቃውን ያቃጥላል።

ግፊያው ራሱም ወሰን አለው። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ በመሆኗ ቁልቁለት ፈልጎ መልቀቅ አይቻልም፤ የሰው ጉልበት ያስፈልጋል። ቁልፉ ክፍት ሆኖ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ ማርሽ ሁለት ላይ ገብቶ መኪናው ፍጥነት ሲያገኝ ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል። ሞተሩ እስኪነሳ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ከወትሮው ጠንከር ያለ እርግጫ ይፈልጋል፤ የተጫነ መኪና በሰው ማስገፋት ስለዚህ አደጋ ነው። ነዳጅ በኤሌክትሪክ የሚረጭላቸው መኪኖች ባትሪያቸው ጨርሶ ከሞተ በግፊያ አይነሱም። ቁልፋቸው ቺፕ ያለውም መኪናው ቁልፉን ካላወቀው ስንት ቢገፉ ዋጋ የለውም። ስለዚህ «በግፊያም እምቢ አለ» ማለት ሁልጊዜ «ሞተሩ ወድቋል» ማለት አይደለም፤ ደላላ ይህችን ልዩነት ሳይነግር ዋጋ ሊሰብር ይችላል።

ሻጭም የራሱ ዘዴ አለው። ሞተሪኖውን በመዶሻ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ያለቀ ካርቦን ለጊዜው እንዲነካካና መኪናው በአንድ ቁልፍ እንዲነሳ ያደርጋል፤ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን አሙቆ መጠበቅም ያው ነው። ገዢ በጠዋት ሄዶ ኮፈኑን በእጁ ይንካ፤ ሞቃት ከሆነ ቀዝቅዞ እስኪመለስ ይጠብቅ። ሲቀዘቅዝ አንዴ፣ ግማሽ ሰዓት ከተነዳ በኋላ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ያስነሳ፤ ሲሞቅ ብቻ እምቢ የሚል ሞተሪኖ አለና። ጥፋቱ ከታወቀ የሚቀነሰው የዚያ ዕቃና የእጅ ዋጋ ነው፤ ካርቦን ለማስለወጥ የአንድ ሞተር ዋጋ የሚያስቀንስ ሻጭም፣ ያለቀ ዲናሞን በአዲስ ባትሪ ዋጋ የሚገዛ ገዢም እኩል ከስረዋል።